ከጎርፉ በኋላ የተቀመጠው ድንጋይ

የሀቢቡ ሬሳ የተገኘው ከመንደሩ የድንጋይ ክትር በታች፣ ጎርፉ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከወገቡ በታች ደለል ውጦታል። አንድ እጁ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ቀርቶ፣ በጣቶቹ መሐል ከነሥሩ የተነቀለ የበርበሬ ችግኝ ተጠምጥሟል። ዕድሜውን ሙሉ «አፈሩ እንዳይሄድ» እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው ነበር። አሁን በቦረቦሩ አፋፍ ቆመው «ወይ ሀቢቡ! ወይ ባለውለታችን!» እያሉ የሚያለቅሱት፣ በቁሙ ሳለ አንድ ቀን እንኳን አመስግነውት አያውቁም። የሰው ልጅ እንዲህ ነው፤ ምስጋናውን ለሬሳ ያስቀምጣል።

ምክትል ኢንስፔክተር ፋንቱ ከቡታጅራ የተጠራችው ገና ሲነጋ ነበር። ግን አስፋልቱ ድልድይ ላይ ጎርፉ ያመጣው ግንድና ጭቃ ተከምሮ ስለነበር፣ ተጠርጎ እስኪከፈት መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ጭቃውን የሚዝቀውን ሰው በመስኮት ጠራችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋው?»

«ማታ ዝናቡ ከጀመረ ጀምሮ። ሌሊቱን እዚሁ ነው ያደርነው፤ እንኳን ሰው፣ ውሻም አላለፈ።»

ፋንቱ የወልቂጤ ልጅ ናት። ከእሷ በኋላ ፖሊስ ቤት የገቡት ትከሻቸው ላይ ኮከብ ሲደረድሩ እሷ ባለችበት ቀርታለች። አለቆቿ «ጥያቄ ታበዛለች» ይላሉ። ለመርማሪ ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ማንም አልነገራትም።

የወንጨታ መንደር፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ በአንድ ቦረቦር ለሁለት የተከፈለች ናት። በተራራው በኩል ያለው ላይ ሰፈር ይባላል፤ በከተማው በኩል ያለው ታች ሰፈር። ቦረቦሩ በአባቶቻቸው ዘመን በግ የሚዘልላት ቦይ ነበረች። ተራራው እየተመነጠረ ሲታረስ ውሃው ጉልበት አገኘ። ዛሬ ዝሆን ቢገባበት አይታይም። ሀቢቡ የተፋሰስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ሕዝቡን አስተባብሮ፣ ቦረቦሩን የሚያቋርጥ ትልቅ የድንጋይ ክትር አሠራበት። ክትሩ አፈሩን ያስቀራል፤ ለሁለቱ ሰፈሮችም መሻገሪያ ነው። ወደ ማዶ የሚያዞረው ሌላ መንገድ በአስፋልቱ ድልድይ ላይ ብቻ ያልፋል። ጎርፍ ሲመጣ ግን ውሃው በላዩ ስለሚሄድ፣ እስኪጎድል ድረስ ማንም አይሻገርም።

ፋንቱ ስትደርስ የታች ሰፈር ወጣቶች ዱላ ይዘው ወደ ማዶ አፍጥጠዋል።

«ገዳዩ ይታወቃል!» አለ አንዱ። «ዑመይር ነው! ተራራውን ሲያርስ ሀቢቡ ስለከለከለው ነው።»

«ዙህር ሰግደን እንቀብራለን፤ ከቀብር መልስ እንወጣለን» አለ ሌላው። «ቤቱን ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ!»

ፋንቱ ፀሐይዋን አየቻት። ብዙ ጊዜ አልነበራትም።

«ክትሩን የተሻገረ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ማን ይሻገራል? ሁላችንም ከታች ነው የመጣነው። እነሱም ፈርተው አልወረዱም።»

«እንግዲያው እኔ ሳልፈቅድ ማንም እንዳይወጣበት» አለችና ሳጅን ዮሴፍን አቆመችበት። ዮሴፍ ሾፌሯም ረዳቷም የሆነ፣ ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈው ጎልማሳ ነው።

ከጤና ጣቢያ የመጣችው ፀጋ ሬሳውን አገላብጣ አየችና ጓንቷን አወለቀች።

«ውሃ አይደለም የገደለው። አናቱ ላይ ነው የተመታው፤ ቁስሉ ጠባብና ጥልቅ ነው። ጎርፍ የሚያንከባልለው ድንጋይ እንዲህ አይመታም፤ ብረት ነው።»

«ዶማ?»

«የዶማ ጀርባ ይመስለኛል። ከሞተ በኋላ ነው ጎርፉ ያገኘው።»

ሬሳውን ያገኘው ናጃህ ነው። ናጃህ የሟች የአጎት ልጅና የእርሻ ጎረቤቱ ነው። ክትሩ በታች ሰፈር በኩል ከአፋፉ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ከበላዩ የሀቢቡ ማሳ፣ ከበታቹ የናጃህ ማሳ አለ። ናጃህ እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጦ ድምፅ አውጥቶ ያለቅሳል። ፋንቱ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አላህ ያጽናህ። መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት፣ ከመግሪብ በፊት። ‹ዑመይር ዘንድ ወጥቼ ዛሬ ነገሩን እጨርሳለሁ› አለኝ። ‹ሰማዩ ከብዷል፣ ተው› አልኩት። መች ይሰማኛል? እሱ መቼም የሰው አይሰማም ነበር።»

«ከዚያ አንተስ?»

«ቤቴ ገባሁ። ዝናቡ መጣ፣ ተኛሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ሚስቴ ሃፊዛ እህቷ ወልዳ ቆሼ ሄዳለች። ጠዋት ጎርፉ ማሳዬን ምን እንዳደረገው ለማየት ስመጣ… እጁን አየሁ።»

«ክትሩ ላይ ወጥተህ ነበር?»

«ምን ልሠራ? ከማሳዬ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ነው የዘለልኩት።»

ፋንቱ ፊቱን አየችው። የግራ ዓይኑ አብጦ ሊከደን ደርሷል፤ የዓይኑ ቆብ በርበሬ መስሏል።

«ዓይንህን ምን ነካው?»

«ለቅሶ ነዋ፣ እህቴ! የአጎቴ ልጅ እኮ ነው!»

እንደገና አለቀሰ። ፋንቱ አንገቷን ነቀነቀችና ተነሥታ ማሳውን አየች። አፋፉ ትኩስ ተንዶ፣ የበርበሬ ችግኝ ረድፍ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በሀቢቡ ማሳ በኩል ግን ጎርፉ የተወው ደለል እንደ አልጋ ተነጥፏል። ለአንዱ የሚሸልም፣ ከሌላው የሚነጥቅ ክትር። ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ማንም አይናገረውም።

ከዚያ ዮሴፍ ወደቆመበት ወደ ክትሩ ሄደች። ጎርፉ ሌሊት በላዩ ስላለፈ ክትሩ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ተለስኗል፤ የትኛው ድንጋይ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ጭቃው ገና ስለሚንሸራተት የእግር ዱካም አልያዘ። መሐል ላይ ግን፣ በጭቃው አናት፣ ጭብጥ የሚያህል አንድ ጥቁር ድንጋይ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድነው?»

የመለሰላት የልማት ሠራተኛው አበራ ነው። ማታውን ስብሰባ ላይ ወልቂጤ አድሮ፣ ድልድዩ ሲከፈት በሚኒባስ የደረሰ ሰው ነው።

«የመሻገሪያ ድንጋይ ነው፣ ኢንስፔክተር። እዚህ ደንብ አለ። ክትሩን የሚሻገር ሰው ከኋላው ከሚተወው ማሳ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ክትሩ ላይ ያኖራል። ማሳው ይጸዳል፣ ክትሩም ያድጋል። ሳይዝ ያለፈ ‹ባዶ እጁ› ተብሎ እስኪሞት ይሰደባል። አንዱማ በዚሁ ሚስት ተከልክሏል፤ ‹ለክትር ያልሆነ ለጎጆ አይሆንም› ተብሎ።»

«ጥቁር የሆነውስ?»

«ላይ ሰፈር ድንጋዩ ሁሉ ጥቁር ነው። ታች ሰፈር ነጭ። ከላይ የሚወርድ ጥቁር ያኖራል፣ ከታች የሚወጣ ነጭ።»

«ማየት ነው!» አለ ከኋላ የሰማ አንድ ወጣት። «ጥቁር ነው! ዑመይር ነው!»

ፋንቱ በልቧ፣ ልጁ እውነቱን ይዞ በተሳሳተ ጫፉ እንደጎተተው ገብቷታል።

በዚህ መሐል ብሩክ መጣ። የቡታጅራ አሸዋ ነጋዴ ነው፤ ገልባጭ መኪናዎች አሉት። ክትሩ ያቆመውን አሸዋ ሊጭን ሲመጣ ሀቢቡ ደጋግሞ መልሶታል። ነጭ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ ቀረበ።

«ነፍሱን ይማር» አለ። «ኢንስፔክተርዬ፣ ሰው እንደሚጠቁመኝ አውቃለሁ። ተሰዳድበናል፣ አልክድም። ትናንት ማታ ግን ቡታጅራ ጆተኒ ስጫወት ነው ያመሸሁት። ተሸንፌ አብሽቀውኛል፤ ጠይቂ።»

«እጠይቃለሁ። ይሄን ክትር ተሻግረህ ታውቃለህ?»

«ስንቴ!»

«ድንጋይ ይዘህ?»

ብሩክ ሳቀ፤ ለቅሶ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። «እኔ? ድንጋይ ተሸካሚ? ጋሽ ሀቢቡ በሰው ፊት ‹ባዶ እጁ መጣ› እያለ ስንቴ አሳቀብኝ። ይሳቁ! ይዤ አላውቅም፣ አልይዝምም።»

«እውነቱን ነው» አሉ የቆሙት በጥላቻ። ብሩክን ነጻ ያወጣው ምስክርነት ይህ እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም።

ፋንቱ ወደ ማዶ ለመሻገር ስትነሣ አበራ አንድ ነጭ ድንጋይ አቀበላት፤ ለዮሴፍም።

«እኔ ደግሞ ምን በወጣኝ?» አለ ዮሴፍ።

«ያዝ፣ ሚስት ትከለከላለህ» አለችው።

«ያለችኝም በዝታብኛለች!»

ነጮቹን አኖሩና ተሻገሩ።

የዑመይር ቤት ከአፋፉ ብዙም አይርቅም። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሽበት የጀመረው፣ ፊቱ አመድ የመሰለ ሰው ነው። ሚስቱ ባሂራ ከኋላው ልጆቹን ሰብስባ ትመለከታለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ዑመይር።»

«ወአለይኩም ሰላም። ልትይዢኝ ነው የመጣሽው?»

«ልጠይቅዎት ነው። ሀቢቡ ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«አልደረሰም። ወላሂ አልደረሰም! እመጣለሁ ብሎ ልኮብኝ ስጠብቀው አመሸሁ።»

«የተከለለውን ተራራ አርሰዋል ይባላል።»

«አርሻለሁ! ምን ልሁን? ተራራው ዛፍ ይብቀልበት ሲሉኝ ልጆቼ ምን እንደሚበቅልላቸው ማን ነገረኝ? አፈሩ ወርዶ እነሱ ማሳ ላይ ይተኛል። የእኔ አፈር ነው እኮ በርበሬ የሚያበቅልላቸው! አንድ ቀን የእጅህ ይባረክ ያለኝ አለ? ግን ሰው አልገደልኩም።»

ፋንቱ አጥሩን እየዞረች አየች። አጥሩ ቅንጭብ ነው። ከውጭ በኩል፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር፣ ቅርንጫፎቹ ተሰባብረዋል፤ ከስብራቱ የወጣው ነጭ ወተት ግማሹ ደርቆ ግማሹ ገና ይንጠባጠባል።

«ይሄን ማን ሰበረው?»

«ትናንት ደህና ነበር» አለ ዑመይር ተገርሞ። «ውሻዬ ሌሊቱን ሙሉ ወደዚህ ሲጮህ አደረ። በዚያ ዝናብ ማን ይወጣል ብዬ ተውኩት።»

እጇን ልትዘረጋ ስትል ባሂራ ጮኸች። «ተይ፣ እህቴ! ዓይንሽን ከነካ ያቃጥልሻል፤ ያሳውራል! የእኛ ሰፈር ሰው በጨለማ አይጠጋውም።»

«ታች ሰፈርም ቅንጭብ ይተክላሉ?»

«የለም። የእነሱ አጥር እሾህ ነው።»

ከማዶ የቀብር ድምፅ ይሰማል። ከዘቢዳር ጫፍ ደመናው እየከበደ ነው።

«ጋሽ ዑመይር፣ ከእኔ ጋር ይውረዱ።»

«ከወረድኩ ይገድሉኛል።»

«ካልወረዱ እነሱ ይወጣሉ። ሚስትዎና ልጆችዎ ባሉበት።»

ሰውየው ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ ከፊት ከፊት መራመድ ጀመረ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ፣ ሊገድሉት የሚጠብቁትን ሰዎች በዓይኑ እያየ፣ ጎንበስ አለና ጥቁር ድንጋይ አነሣ።

«ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለ ዮሴፍ ሽጉጡን እየዳሰሰ።

ዑመይር እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። «እኔ እንጃ። ልሻገር አይደል?»

ፋንቱ የምትፈልገውን አገኘች። እጅ ከልብ ቀድሞ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ሞት ከፊት ቢቆምም፣ ሞት ከኋላ ቢቀርም።

የቀብሩ ሰዎች ተመልሰው ክትሩ አጠገብ ሲደርሱ ዑመይርን በሁለቱ ፖሊሶች መሐል አዩት። ጩኸቱ ተነሣ። ፋንቱ የክትሩ ጫፍ ላይ ወጣች።

«ዝም በሉ! ሀቢቡን የገደለውን እነግራችኋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ጩኹ።»

ዝም አሉ። የሟች ሚስት ዘይባ በሴቶች ተደግፋ ፊት ቆመች። ብሩክና አበራ አንድ ላይ፣ ናጃህ ከሽማግሌዎቹ ጎን።

«ሀቢቡ የተመታው በዶማ ነው፤ የተመታውም ከጎርፉ በፊት ነው፣ ጎርፉ ሬሳውን ስላገኘው። ይሄን ጥቁር ድንጋይ ደግሞ እዩ። ጭቃው ከሥሩ እንጂ ከላዩ አይደለም። ያኖረው ሰው የተሻገረው ጎርፉ ከጎደለ በኋላ፣ ሳይነጋ ነው። ጠዋት ስጠይቅ ሁላችሁም አልተሻገርንም አላችሁ። ማን ተሻገረ?»

«ከላይ የመጣ ነዋ!» ተባለ። «ዑመይር!»

«እሺ፣ ዑመይር ይሁን። ከላይ ወረደ፣ ጥቁሩን አኖረ። ከዚያስ? ጠዋት ቤቱ ነው ያገኘሁት። በምን ተመለሰ? በድልድዩ እንዳይባል፣ ሌሊቱን ዝግ ነበር፤ ጠዋት እኔም እስኪከፈት ጠብቄበታለሁ። በክትሩ ከተመለሰ ነጩ ድንጋይ የት አለ? እኔና ዮሴፍ ሄደን ስንመለስ፣ እዩ፣ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ጥቁር አኖርን። የዑመይር የአሁኑ ደግሞ ያውና። ጠዋት ግን የነበረው ያ አንድ ጥቁር ብቻ ነው። ያ ሰው ወርዶ አልተመለሰም። ቤቱ ታች ሰፈር ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዱላዎቹ ዝቅ ዝቅ አሉ።

«ብሩክስ?» አለ አንዱ።

«ብሩክ በቀን ያልያዘውን ድንጋይ በጨለማ፣ ሰው ገድሎ ይይዛል? አበራ ወልቂጤ ነበር። የቀረው የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ደንቡ ደሙ ውስጥ የገባ ሰው። ማታ ከሀቢቡ ጋር ወደ ማዶ ተሻገረ። የዚያን ጊዜውን ድንጋያቸውን ጎርፉ በልቶታል። ማዶ አፋፍ ላይ ገደለው፤ ሬሳው ቦረቦሩ ውስጥ ወደቀ። ወዲያው ጎርፉ ደረሰና መመለሻ አጣ። በዝናቡ የት ይጠለል? ዑመይር አጥር ጥግ፣ ዋንዛው ሥር። ውሻው ጮኸበት። ቅንጭብ እንደሆነ አላወቀም፤ እናንተ ጋ ቅንጭብ የለማ! ተደግፎበት ሰበረው፣ ወተቱ ፊቱ ላይ ፈሰሰ።»

ወደ ናጃህ ዞረች።

«ናጃህ፣ ከጠዋት ጀምረህ ታለቅሳለህ። እንባህንም አየሁት፤ የውሸት አይደለም። ግን እንባ ከሁለት ዓይን ነው የሚወጣው። ያበጠብህ አንዱ ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ፊቱን አየው። ናጃህ እጁን ወደ ግራ ዓይኑ ሰደደ፤ መንገድ ላይ አቆመው።

«ክትሩ ላይ አልወጣሁም…» አለ ቀስ ብሎ።

«ማንም አይቶህ አይደለም። ጨለማ ነበር። ባዶ እጅህን ብታልፍ ማን ይሰድብህ ነበር?»

ናጃህ ጥቁሩን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«አላስታውስም» አለ። «ወላሂ፣ ማንሣቴን አላስታውስም።»

ዘይባ ጮኸች። «ናጃህ! ምን አድርጎህ? ወንድምህ አልነበረም?»

«ወንድሜ!» ናጃህ ሳቀ፤ ሳቁ ከለቅሶው ይብስ ነበር። «ክትሩ ሲሠራ ከማንም በላይ ድንጋይ የተሸከምኩ እኔ ነኝ። ተሠርቶ ሲያልቅ ውሃው በመሐሉ አላልፍ ብሎ በጫፉ ዞሮ የእኔን ማሳ መብላት ጀመረ። ‹መሐሉን ትንሽ ዝቅ እናድርገው፣ ውሃው በመሐል ይውረድ› አልኩት። በየክረምቱ ለመንኩት። ‹ይታያል›፣ ‹ለኮሚቴ ይቀርባል›። የእሱ ማሳ ይሰፋል፣ የእኔ ይናዳል። ትናንት ዶማዬን ይዤ ተከተልኩት። ከማዶ ሆኖ ይየው ብዬ ‹ተመልከት፣ ውሃው የት እንደሚዞር ተመልከት› አልኩት። እሱ ምን አለኝ? እየሳቀ ‹ናጃህ፣ ያንተም መሬት ሆኖ ይለቀስለታል?› አለኝ። እየሳቀ! ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬት መሬት አየ። ልመናውን ሁሉም ሰምተውት ያውቁ ነበር።

ዮሴፍ ካቴናውን አወጣ። ፋንቱ ለማስረጃ ጥቁሩን ድንጋይ ልታነሣ ጎንበስ ስትል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ከክትር ድንጋይ አይወሰድም።»

«ልውሰደው ግድ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ምትክ አኑሪ።»

ከናጃህ ማሳ ጥግ አንድ ነጭ ድንጋይ አንሥታ በቦታው አኖረች።

ዝናቡ መኪናዋ ድልድዩን ሳትሻገር ደረሰ። ጎርፉም እንደ ልማዱ መሐሉን ትቶ በጫፉ ዞረ፤ ከናጃህ ማሳ አንድ ረድፍ በርበሬ ይዞ ወረደ። ሃፊዛ ከቆሼ ተመልሳ አፋፉ ላይ ብቻዋን ቆማ አየችው።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞ የወረደው ዑመይር ነው። ጥቁር ድንጋዩን አኖረና የክትሩን መሐል ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ትናንት ቤቱን ሊያቃጥሉ ዱላ የያዙት ወጣቶች አንድ በአንድ መጥተው አገዙት። ናጃህ ስንት ክረምት የለመነው ሥራ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አለቀ።